ጎማዬን ከመቀየራቸው በፊት ላነበቡልኝ የሐዋሳ ጎሚስታ

ባለፈው ግንቦት 2017 ዓ.ም. መጨረሻ የሞተር ሳይክሌን የኋላ ጎማ ለቀየሩልኝ ጎሚስታ ይህን ምስጋና ሳልጽፍ ሁለት ወር ሊሞላኝ ነው። የዘገየሁት ረስቼ አይደለም፤ የሠሩት ሥራ በክረምት መንገድ ሳይፈተን ሰውን ወደ እሳቸው መላክ ስላልፈለግሁ ነው። አሁን ሐምሌ ገብቶ፣ ዝናቡም አንዴ በጠዋት አንዴ በማታ እየተቀበለኝ፣ በየቀኑ ወደ 18 ኪሎ ሜትር ስመላለስ ቆይቼ ጎማው አንድም ቀን ስላላሳፈረኝ፣ ለምስጋናውም ለጥቆማውም ጊዜው የደረሰ ይመስለኛል።

የምሠራው ቱላ አካባቢ ባለ ጤና ጣቢያ፣ በመድኃኒት ክፍል ውስጥ ነው። ቤቴ ሐዋሳ ከተማ ውስጥ ስለሆነ ከዓላሙራ ተራራ ሥር አልፎ ወደ ዲላ በሚወስደው አስፋልት ጠዋትና ማታ እመላለሳለሁ። መንገዱ እስከ ሞያሌ የሚዘልቅ በመሆኑ የጭነት መኪና አይጠፋበትም፤ ከመኪኖቹ የሚረግፈው ብሎን፣ ሚስማርና የሽቦ ቁራጭ ደግሞ በጎማ እየተገፋ ዳር ዳሩ ላይ ይጠራቀማል። እኛ ሞተረኞች ለትልልቆቹ መኪኖች ቦታ ለመልቀቅ ዳሩን ይዘን ስለምንሄድ ያንን ሁሉ የምንለቅመው እኛ ነን።

የዚያን ቀን ማታ ከሥራ ስመለስ የሞተሩ ኋላ ድንገት ግራና ቀኝ ይዋልል ጀመር። በሽቦ ቸርኬ ላይ የተገጠመ ከመነዳሪ ያለው ጎማ ሲበሳ ትዕግሥት የለውም፤ አየሩ በሽቦዎቹ ቀዳዳና በቫልቩ ዙሪያ በፍጥነት ስለሚወጣ፣ እንደ መኪና ጎማ ሚስማሩን ይዞ ቤት ድረስ የሚያደርስበት ዕድል ጠባብ ነው። ፍሬን ሳልይዝ ነዳጁን ብቻ ለቅቄ እስኪቆም ጠበቅሁና ሞተሩን በጭነት ባጃጅ አስጭኜ ወደ ቤት ገባሁ። በማግስቱ ፈቃድ ጠይቄ ወደ አንድ የመለዋወጫ መደብር ሄድኩ፤ ክረምት ሊገባ ነው ብዬ ጥርሱ የገዘፈ፣ ለጭቃ የሚሆን «አዲስ» ጎማ ገዛሁና ሞተሩን አስጭኜ፣ ጎማውን በብብቴ ይዤ ወደ ጎሚስታው ደረስኩ። ወደ እሳቸው የላከኝ አብሮኝ የሚሠራ ነርስ ነበር፤ ያኔ ስለ እሳቸው የነገረኝ «ቀስ ይላሉ እንጂ አይሸውዱም» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው።

ቁልፍ ከማንሳታቸው በፊት አዲሱን ጎማ ከእጄ ተቀብለው በጨርቅ ጠረጉትና ጎኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ እያዞሩ ማንበብ ጀመሩ። ቀጥለው ከሞተሩ ላይ ያለውን አሮጌ ጎማ ጎን ጠርገው አነበቡ። ከዚያም ቀና ብለው፣ «ዶክተር፣ ይህ መድኃኒት ቢሆን ኖሮ ለሰው ይሰጡት ነበር?» አሉኝ። (ዶክተር አይደለሁም፤ ነገር ግን ጤና ጣቢያ የሚሠራን ሁሉ ዶክተር ማለት የተለመደ ስለሆነ ማረሙን ከተውኩት ቆይቻለሁ።)

ነገሩ እንዲህ ነው። በጎማ ጎን ላይ «ዶት» ከሚሉት ፊደላት በሚጀምረው መስመር መጨረሻ አራት አኃዞች ይገኛሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጎማው የተመረተበትን ሳምንት፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ያመለክታሉ። በአሮጌው ጎማዬ ላይ 1118 የሚል ነበር፤ ይህም የ2018 እ.ኤ.አ. 11ኛው ሳምንት፣ በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 2010 ማለት ነው። ከመደብሩ የገዛሁት «አዲሱ» ግን 3417 ይል ነበር፤ የ2017 እ.ኤ.አ. 34ኛው ሳምንት፣ ማለትም ነሐሴ 2009። አርጅቷል ብዬ የምጥለውን ጎማ ከእሱ በሚበልጥ ሽማግሌ ልተካው ነበር። ጥርሱ አልተነካም፣ ጥቁረቱም ያብረቀርቃል፤ ሆኖም ጎሚስታው ጎኑን በሁለት እጃቸው ሲያጥፉት ከላስቲኩ መካከል እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች ብቅ አሉ። ላስቲክ ባይሠራበትም ከጊዜ፣ ከሙቀትና ከፀሐይ ብርሃን የተነሳ እየደረቀ ይሄዳል፤ የደረቀ ላስቲክ ደግሞ እርጥብ አስፋልት ላይ አይዝም። በየቀኑ የመድኃኒት ማብቂያ ቀን እያነበብኩ የምውል ሰው፣ ሕይወቴን የምጥልበትን ጎማ ቀን ለማንበብ አንድም ጊዜ አለማሰቤ በጣም አሳፈረኝ።

ከመደብሩ ጋር የነበረውን ጭቅጭቅ እዚህ አላስረዝመውም። ሻጩ መጀመሪያ «የፋብሪካ ቁጥር ነው» ብሎ ሊያልፈው ሞከረ፤ በመጨረሻ ግን ያልተገጠመ ስለሆነ ሳይወድ ገንዘቤን መለሰልኝ።

ጎሚስታው ጎማ ስለማይሸጡ በእኔ ግዢ የሚያተርፉት ነገር አልነበረም፤ ምክራቸውን ያመንኩበት አንዱ ምክንያትም ይህ ነው። «ምን ዓይነት ልግዛ?» ብዬ ስጠይቃቸው የማምረቻ ስም አልጠሩልኝም። መልሰው የጠየቁኝ፣ «በቀን ስንት ኪሎ ሜትር ጭቃ ይነዳሉ?» ብለው ነው። ቆም ብዬ ሳስበው ከአስፋልቱ ወጥቼ እስከ ጤና ጣቢያው በር ያለችው የአፈር መንገድ ከ600 ሜትር አትበልጥም፤ በከተማው ውስጥ ደግሞ ጥቂት ኮብልስቶን አለብኝ፤ የቀረው ሁሉ አስፋልት ነው። እንደ እሳቸው ማብራሪያ፣ ጥርሱ የገዘፈና የተራራቀ ጎማ ጭቃ ውስጥ ቆንጥጦ ቢይዝም አስፋልት ላይ መሬቱን የሚነካው በጥርሶቹ ጫፍ ብቻ ነው፤ ስለዚህ እርጥብ መንገድ ላይ ፍሬን ሲያዝ ይንሸራተታል፣ መታጠፊያ ላይ ይወላውላል፣ ቶሎም ያልቃል። ለ600 ሜትር ጭቃ ብዬ የቀረውን መንገድ ሁሉ ልጎዳው ነበር ማለት ነው። የሚሻለኝ መሐሉ የተቀራረበ፣ ውኃ ወደ ጎን የሚያስወጡ ግልጽ ቦዮች ያሉት የመንገድ ጎማ እንደሆነ፣ በአፈሯ መንገድ ላይ ግን ቀስ ማለት የእኔ ድርሻ እንደሆነ ነገሩኝ።

ሁለተኛው ጥያቄዬ ስለ ስፋቱ ነበር። ብዙ ሞተረኞች የኋላውን ጎማ በአንድ ደረጃ ሲያሰፉት አይቻለሁ፤ ደረቱ ሲሰፋ ያምራል፣ የተሻለ የሚይዝም ይመስላል። የእኔ ሞተር ከፋብሪካ ሲመጣ የፊቱ 2.75-17፣ የኋላው 3.00-17 ነው፤ የመጀመሪያው ቁጥር የጎማው ስፋት በኢንች፣ ሁለተኛው የቸርኬው ዲያሜትር (ከዳር እስከ ዳር ያለው ርቀት) በኢንች ነው። ጎሚስታው በጎማውና በካቴናው መካከል ያለውን ክፍተት ጣታቸውን አስገብተው አሳዩኝ። በዚያች ክፍተት ላይ ጎማው ሲሰፋ፣ ሰው ተጭኖ ጉድጓድ ሲመታ ካቴናውን ወይም መሸፈኛውን መላጥ ይጀምራል፤ ጠባብ ቸርኬ ላይ የገባ ሰፊ ጎማም ቅርጹን ያጣል። «ፋብሪካው የጻፈውን ይግዙ» አሉኝና መጠኑን በካርቶን ቁራጭ ላይ ጻፉልኝ። ከሥሩ 50ፒ ብለው ጨመሩበት፤ 50 ጎማው እስከ 190 ኪሎ ግራም እንደሚሸከም፣ ፒ ደግሞ እስከ 150 ኪሎ ሜትር በሰዓት ለሚደርስ ፍጥነት እንደተሠራ የሚያመለክት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ባለቤቴን ከነዘንቢሏ ከገበያ የማመላልስ ሰው ስለሆንኩ የመጀመሪያው ቁጥር ይበልጥ ይመለከተኛል፤ 150 ኪሎ ሜትር የሚለው ግን ለእኔ ሞተር ቀልድ ነው።

ያችን ካርቶን ይዤ ሌላ መደብር ገባሁና ቀኑን እያገላበጥኩ አራት ጎማ ካስወረድኩ በኋላ 4224 የሚል አገኘሁ፤ ጥቅምት 2017 መሆኑ ነው። ሻጩ በጣም ተገርሞ «ጎማ ሻጭ ነህ እንዴ?» አለኝ። የፊቱንም ልቀይር ፈልጌ ነበር፤ ጎሚስታው ግን የፊቱን ጥርስ በጥፍራቸው ለክተው፣ በቦዮቹ ውስጥ ያሉት ትናንሽ የማለቂያ ምልክቶች ከጥርሱ ገና በጣም ዝቅ ያሉ መሆናቸውን አሳይተው፣ የማምረቻ ቀኑንም አይተው «ገንዘብዎን ያስቀምጡ» ብለው መለሱኝ።

ስለ እጅ ሥራቸው ጥቂት ልናገር፤ ምክንያቱም ብዙዎቻችን ጎማ ሲቀየር ሻይ ልንጠጣ ስለምንሄድ ምን እንደሚሠራ አናይም። አሮጌው ከመነዳሪ ሲወጣ ቀድሞ አራት ጊዜ ተለጥፎ ነበር፤ አምስተኛውን መለጠፍ ይቻል ነበር፣ ነገር ግን አዲስ ጎማ ውስጥ የተለጠጠ አሮጌ ከመነዳሪ ማስገባት መታጠፍና እንደገና መበሳትን ያመጣል ብለው አዲስ አስገዙኝ። የገዛሁት ከመነዳሪ መጠኑ ከጎማው ጋር መመሳሰሉን ካረጋገጡ በኋላ ጥቂት ንፋስ ሞልተው ክብ አደረጉት፣ ዱቄትም ነሰነሱበት። የሽቦዎቹን ጫፍ የሚሸፍነው የላስቲክ ቀበቶ ተቆርጦ ስለነበር ሳይተካ ጎማውን አልገጠሙም፤ ያ ቀበቶ ከሌለ ሽቦው ራሱ ከውስጥ እንደ ሚስማር ይወጋል። በአዲሱ ጎማ ጎን ላይ ያለው ቀስት ወደ ፊት በሚሽከረከርበት አቅጣጫ መዋሉን አዩ። ከተነፋ በኋላም በቸርኬው ጠርዝ ዙሪያ የምትታየው ቀጭን መስመር በሁሉም በኩል እኩል እስክትሆን ድረስ ሁለት ጊዜ አስተንፍሰው ደግመው ነፉት።

ከሁሉም በላይ ያመሰገንኳቸው ግን ጎማ ባልሆነ ነገር ነው። የኋላውን ፍሬን ከበሮ ክዳን ከሞተሩ አካል ጋር የሚያያይዘው ዘንግ ብሎኑ ላልቶ፣ እንዳይወልቅ የሚያግደው ሽቦም ጠፍቶ አገኙት። ቀደም ሲል ጎማውን የለጠፈልኝ ሰው ረስቶት ይሁን ጥሎት አላውቅም። ያ ዘንግ ከተለቀቀ ፍሬን በተያዘ ጊዜ ክዳኑ አብሮ ስለሚዞር ጎማው ሊቆለፍ ይችላል። ሽቦውን ከራሳቸው ሣጥን አውጥተው አስገቡ፤ ለዚህ ገንዘብ ስሰጣቸው «ይህ ሥራው ነው» ብለው እጃቸውን ሰበሰቡ።

ሲጨርሱ ንፋሱን በመለኪያ ሞልተው በካቴናው መሸፈኛ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አስነበቡኝ፤ የፊቱ 25፣ የኋላው ለብቻ ሲነዳ 28፣ ሰው ሲጫን 32 ፒኤስአይ ነው። እኔ ለዓመታት በእግሬ መትቼ ነበር የምለካው። ጎማ ሲሄድ ስለሚሞቅ ልኬቱ ጠዋት፣ ሳይነዳ መወሰድ አለበት። ንፋስ ያነሰው ጎማ ጉድጓድ ሲመታ ከመነዳሪው በቸርኬውና በጎማው መካከል ተቆንጥጦ ጎን ለጎን ሁለት ቦታ እንደሚቀደድ፣ ሚስማር ሳይኖር ተበሳ የሚባለውም ብዙ ጊዜ እንዲህ እንደሆነ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። አዲስ ጎማ ላዩ ልሙጥ ስለሆነ ለመጀመሪያዎቹ ከ100 እስከ 150 ኪሎ ሜትሮች በመታጠፊያ ላይ እንዳልተኛ፣ ፍሬንም በድንገት እንዳልይዝ አስጠንቅቀውኛል፤ ታዝዤ እንደ ጀማሪ አንድ ሳምንት ያህል ተጎተትኩ።

ለመሄድ ለምታስቡ ጉድለታቸውንም መደበቅ ተገቢ አይመስለኝም። ቀርፋፋ ናቸው፤ የእኔን ሥራ ለመጨረስ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ወስደዋል፣ ከእኔ በፊት ሁለት ሰዎች ካሉ ደግሞ ግማሽ ቀን ይሄዳል። የሚሠሩበት ቦታ ጠባብ ነው፣ ዝናብ ሲመጣ መጠለያው ለሞተሩ እንጂ ለባለቤቱ አይበቃም። ከመነዳሪ የሌለውን ጎማ አይቀበሉም፤ ለዚያ የሚሆን መሣሪያ እንደሌላቸው በግልጽ ነግረው ወደ ሌላ ሰው ይልካሉ። እሑድ አይሠሩም። ያስከፈሉኝ ሌላ ቦታ ለተራ ልጥፍ ከከፈልኩት ብዙም አይበልጥም፤ ዋጋ በየወሩ ስለሚለዋወጥ ግን ቁጥሩን ብጽፈው ነገ ከእሳቸው ጋር ላጣላችሁ ስለምችል እተወዋለሁ።

ስማቸውን እንዳልጽፍ ስለጠየቁኝ አልጻፍኩም፤ «ሰው ተሰልፎ ከሚሰድበኝ የመጣውን በደንብ ብሠራለት ይሻለኛል» ነበር ምክንያታቸው። ሐዋሳና ቱላ መካከል የምትመላለሱ፣ ወይም በከተማው ውስጥ በሞተር ሥራ የምትገቡ በግል ጻፉልኝና ቦታውን አሳያችኋለሁ። ስትሄዱ ጎማውን ቀድማችሁ አትግዙ፤ መጀመሪያ ሞተሩን ያሳዩአቸው፣ መጠኑን በካርቶን ይጽፉላችኋል። ጋሼ፣ ይህን የሚያነብልዎት ሰው ካለ፣ የፊቱን ጎማ ለማሳየት መስከረም ላይ እመጣለሁ።