ቮልሴን ከዝገት ያተረፉልኝ ባትላሜራ

ይህን የምጽፈው የአንድ ሰው ውለታ ስላለብኝ ነው። ከእናንተም መካከል አሮጌ መኪና ደጅ የምታሳድሩ ካላችሁ እንድታውቋቸው ብዬ ነው።

አባቴ የተወልኝ የ1968 ሞዴል ቮልስ አለችኝ። መኪና ማስገቢያ ቤት ስለሌለኝ የምታድረው ውጭ ነው። ዝናብ እንዳይነካት ብዬ ወፍራም የላስቲክ ሸራ ገዝቼ እስከ ጎማዋ ድረስ ሸፈንኳት፣ በገመድም ጥርቅም አድርጌ አሰርኳት። ከወራት በኋላ ስገልጣት ቀለሙ በየቦታው አብጧል፣ ወንበሩ ሻግቷል፣ የበሮቹ ሥር በጣት ሲነካ ይፈረፈራል። መጀመሪያ የወሰድኳት ጋራዥ ዝገቱን በደንብ ሳይፍቅ ስቱኮ ለጥፎ ቀባልኝ። ብዙም ሳይቆይ ከሥር ተነሥቶ ተላጠ። አልቅሻለሁ፣ እውነቴን ነው። አባቴ እንደዚያ ይሳሳላት የነበረችው መኪና በኔ እጅ ልታልቅ ነው ብዬ።

ከዚያ አንዲት ወዳጄ እኚህን ሰው ጠቆመችኝ። ዕድሜያቸውን በባትላሜራነት የጨረሱ ትልቅ ሰው ናቸው። ቤት ድረስ መጡልኝ። እኔ ስለ ቀለሙ ሳወራ እሳቸው ቁጢጥ ብለው መሬቱን ያያሉ። የቆመችው ሣር ላይ ነበር።

«ልጄ፣ ዝናቡን ተይው። ይቺን የበላት ከሥር የሚወጣው እርጥበት ነው» አሉኝ።

ላስቲክ ውሃ አያስገባም፣ ግን የገባውንም አያስወጣም። ከአፈሩ የሚተነው እርጥበት ሸራው ውስጥ ይታፈናል። ሌሊት ላሜራው ሲቀዘቅዝ ላዩ ላይ ጤዛ ሆኖ ያርፋል፣ ቀን ፀሐይ ሲመታው ይተናል፣ ማታ ተመልሶ ያርፋል። በየቀኑ እንዲህ ነው። ለካ ያንን ሸራ ባላለብሳት ይሻላት ነበር!

ያንኑ ላስቲክ አንሥተው መሬቱ ላይ አነጠፉትና ከላዩ ጠጠር አፈሰሱበት። «ቦታው እዚህ ነው» አሉ። መኪናዋ ላይ የሚለብሰው አየር የሚያሳልፍ የጨርቅ ሽፋን እንዲሆን፣ እሱም ታጥባ፣ በደንብ ደርቃና ሰም ተቀብታ ብቻ እንዲለብስ ነገሩኝ፤ ምክንያቱም አቧራ ላይ ከለበሰ ነፋስ ሲያርገበግበው ቀለሙን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍገዋል። መስኮቶቹንም ከሽፋኑ ሥር ጣት በሚያስገባ ያህል ክፍት አደርጋለሁ።

በሮቹን ሲፈቱ ያየሁትን አልረሳውም። በየበሩ ሥር ውሃ መውጫ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ። ያ ስቱኮ ደፍኗቸው በሩ ውስጥ ውሃ ተጠራቅሟል! በሽቦ ከፈቷቸው። ቮልስ ያላችሁ ደግሞ ይህን ልብ በሉ፦ ከሞተሩ ሙቅ አየር ወደ ፊት የሚያመጡት፣ ከበሮቹ ሥር ያሉት ባዶ ላሜራዎች ከውስጥ ነው የሚዝጉት፤ ከላይ ስታዩዋቸው ደህና ይመስላሉ። የበሰበሰውን ቆርጠው በአዲስ ላሜራ በየዱት፣ ፀረ ዝገት ቀቡት፣ በውስጡም ሰምነት ያለው ዘይት ረጩበት።

ሙሉ ቀለም ይቀቡልኝ ብዬ ለምኛቸው ነበር። እሺ ቢሉኝ ብዙ ይከፈላቸው ነበር። «የአባትሽ ቀለም ገና ደህና ነው፣ የተበላውን ብቻ እንንካ» ብለው እምቢ አሉኝ።

በየሳምንቱ ለአምስት ደቂቃ ሞተር አስነሥቼ የማጠፋውንም አስቆሙኝ። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር ገደማ ውሃ ይወጣዋል፤ ማርሚታው፣ ማለትም የጭስ ማውጫው፣ በደንብ ሳይግል ሞተሩ ከጠፋ ያ ውሃ እዚያው ቀርቶ ከውስጥ ያዝገዋል። ወይ ግማሽ ሰዓት ያህል ንጂያት፣ ወይ አትንኪያት ነው ያሉኝ። ለረጅም ጊዜ ስትቆም የእጅ ፍሬን አልይዝም፣ የፍሬኑ ሸራ ተጣብቆ እንዳይቀር፤ ጎማው ሥር ታኮ አደርጋለሁ። ታንኩን እሞላለሁ፣ ከኋላ ወንበር ሥር ያለውን ባትሪም እፈታለሁ። የፍሬን ዘይትም ከአየር ላይ እርጥበት ስለሚስብ መኪናዋ ባትነዳም በየሁለት ዓመቱ ይቀየር ብለውኛል።

ፈጣን ሠራተኛ አይደሉም፣ ይህን አስቀድማችሁ እወቁ። ሳይደርቅ ሌላ አይቀቡም፣ ብትጨቀጭቋቸውም ዋጋ የለውም። ለሳምንታት ተመላልሰዋል። የሚቸኩል ሥራ ያለው ሰው ሌላ ይፈልግ።

ያለፈውን የዝናብ ወቅት ጨርሳ ሽፋኑን ስገልጥ ምንጣፉን አንሥቼ ወለሉን በእጄ ዳሰስኩት። ደረቅ ነው። ሻጋታም አይሸትም። ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት።

ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሳቸውም ፈቅደውልኛል። ከመደወላችሁ በፊት ግን መኪናችሁ የቆመበትን መሬት ፎቶ አንሡ፣ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።