ቢጫዋ መብራት ጠፋችልኝ፦ ምስጋናም ጥቆማም

ይህን የምጽፈው ሁለት ወር ሙሉ አብራኝ የከረመች መብራት ስለጠፋችልኝ ነው። ቼክ ኢንጂን የሚሏት፣ ሞተሩ ችግር አለበት ብላ የምትበራው ቢጫዋ። መኪና ያላችሁ ታውቋታላችሁ፤ የሌላችሁ አትመኟት።

መኪናዬ አሮጌ ቪትዝ ናት። የባለቤቴ ነበረች፣ ነፍሱን ይማረው። እሱ እያለ ኮፈን ከፍቼ አላውቅም። የኔ ሥራ ነዳጅ መሙላትና መንዳት ነበር። እሱ ካለፈ በኋላ ግን ጋራዥ መዞር የኔ ዕጣ ሆነ። ሴት ብቻዋን ጋራዥ ስትገባ ደግሞ ዋጋው ገና ከበር ሲያያት ይጨምራል።

አንድ ቀን ከለገሃር ወደ ፒያሳ ስወጣ፣ ቸርችል ዳገቱ መሃል ላይ ቀጥ አለች። ከኋላዬ ጡሩምባው፣ ስድቡ። ሁለት ሊስትሮ ልጆች ናቸው ገፋ ገፋ አድርገው ዳር ያስያዙልኝ። እነሱንም እግዜር ይስጣቸው።

የመጀመሪያው ጋራዥ ኮምፒውተር ሰክቶ «ሴንሰር ነው» አለኝ፤ የሞተሩን ሥራ የምትከታተል ትንሽ ዕቃ ናት። 9,000 ብር ከፍዬ አስቀየርኩ። መብራቷ በሦስተኛው ቀን ተመለሰች። ሁለተኛው ቦታ ባትሪ ነው አሉኝ፤ ባትሪም ገዛሁ። ሦስተኛው በስልኩ የሆነ ነገር ነካካና «ጠፍቷል፣ ተገላገልሽ» ብሎ 1,500 ብር ተቀበለኝ። ልጄ የሚሆን ሰው አንቺ ማለቱንስ ይሁን። ሜክሲኮ አደባባይን ዞሬ ሳልጨርስ በራች። ስደውልለት «ሌላ ችግር ይሆናላ!» ስማቸውን አልጠራም፤ ካነበቡት ራሳቸውን ያውቃሉ።

በመጨረሻ የጎረቤቴ ልጅ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ አንድ የመኪና ኤሌትሪክ ሠራተኛ ጋ ወሰደኝ። ቤቱ ጠባብ ናት፤ ሁለት መኪና ከገባ ሦስተኛው መንገድ ላይ ነው። ልጁም ገና ወጣት ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ሳየው ተስፋ ቆርጬ ነበር።

እሱም ኮምፒውተሩን ከመሪው ሥር ሰካ። ፒ 0340 የሚል የብልሽት ቁጥር፣ ኮድ የሚሉት፣ ወጣ። ያው ሌሎቹም ያሳዩኝ ቁጥር፤ ትርጉሙን አትጠይቁኝ። እሱ ግን መፍቻ አላነሳም። መጀመሪያ ጠየቀኝ።

«ሴንሰሩ ከመቀየሩ በፊትም ይኸው ቁጥር ነበር?»

አዎ አልኩት።

«እንግዲያው እትዬ፣ ጥፋቱ ሴንሰሩ ላይ አይመስለኝም። ኮድ እንደ ሕፃን ልቅሶ ነው። አሞኛል ይላል እንጂ ምኑን እንዳመመው አይናገርም።»

ሞተሩን አስነስቶ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ በጣቱ ይነካካ ጀመር፣ ቀስ ብሎ፣ ምስር እንደሚለቅም ሰው። አንዷን ቀጭን ሽቦ ጠምዘዝ ሲያደርጋት ሞተሩ ጥፍት! አስነስቶ ደገመ፤ ጥፍት! «እትዬ ይምጡ፣ እርስዎ ራስዎ ይንኩት» አለኝ። ነካሁት፤ ጠፋች። መኪና ጠፍታብኝ ደስ ያለኝ ያን ቀን ብቻ ነው። ሽቦዋ ከላይ ሲያዩዋት ደህና ናት፤ ውስጧ ተበጥሶ በሁለት ክር ተንጠልጥሏል። ቆረጣት፣ ቀጠላት፣ በየዳት፣ ጠቀለላት።

ከዚያ «አሮጌው ሴንሰር የት አለ?» ሲለኝ ግራ ገባኝ። ከኋላ ሻንጣው ውስጥ በፌስታል ነበር። ባለቤቴ የወለቀ ዕቃ አይጣልም ይል ስለነበር አልጣልኩትም። መልሶ ገጠመው። ሠራ! «ይኸው፣ ጤነኛ ነበር። ዋናው የጃፓኑ ይሻልዎታል፣ አዲሱን ይሽጡት» ብሎ ጠርጎ በእጄ ሰጠኝ። ዝም ቢለኝ በምን አውቅ ነበር? እንባዬ መጣ። የጠየቀኝ 700 ብር ብቻ ነው። ልጨምርልህ ብለው ሞቼ እገኛለሁ አለ።

ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነ፤ ቸርችልን በየቀኑ እወጣለሁ፣ በዝናብም ጭምር። መብራቷ የለችም።

እባካችሁ፣ መኪናችሁ መብራት አብርታ ይህን ግዙ ያን ግዙ ካሏችሁ፣ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ይህ ልጅ ይያት። ስሜን አታውጡብኝ ስላለኝ አልጻፍኩትም፤ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ ቦታውን እነግራችኋለሁ። ጠዋት 2 ሰዓት ሳይሞላ ሂዱ፣ ከረፈደ ወረፋ ነው። ደግሞ በዋጋ አትከራከሩት፣ ነውር ነው።

አዲሷ ሴንሰር ቤት አለች። ቪትዝ ያለው ሰው ከፈለጋት በግማሽ ዋጋ።