ኪይማን፣ ሎካልሴንድና ዩፒኤስ፦ ለሐዋሳ የጽሕፈት ቤቶችና ተማሪዎች የቀረበ ግምገማ

በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ አካባቢ፣ በፒያሳና በአቶቴ መንገዶች ዳር የተደረደሩት የጽሕፈትና የኮፒ ቤቶች ማመልከቻውንም፣ የኪራይ ውሉንም፣ የመመረቂያ ጽሑፉንም፣ የእድር መተዳደሪያ ደንቡንም ያዘጋጃሉ። አንድን የኮምፒውተር ፕሮግራም ጥሩ ነው ወይም አይደለም ለማለት ከእነዚህ ቤቶች ሥራ የተሻለ መመዘኛ አላገኘሁም። ኔትወርክ ሲሄድ ሥራውን ይቀጥላል ወይ? ባረጀ ኮምፒውተር ላይ ሳይንቀረፈፍ ይከፈታል ወይ? ክራክ (ያለፈቃድ የተከፈተ ቅጂ) ሳይፈለግለት በሕጋዊ መንገድ በነፃ ይገኛል ወይ? ከዚህ በታች የማነሣቸው ፕሮግራሞች በሦስቱም ጥያቄዎች የተመዘኑ ናቸው።

ከሁሉም አስቀድሜ የማመሰግነው ኪይማን የተባለውን የፊደል መጻፊያ ነው። ይህ ፕሮግራም በ1993 እ.ኤ.አ. ለላኦ ቋንቋ መጻፊያነት ተጀምሮ፣ ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ ኤስ አይ ኤል በተባለው የቋንቋ ድርጅት ሥር የሚገኝ፣ ዛሬ ለማንም ሰው በነፃ የሚታደል ነው። ለአማርኛ የተዘጋጀውን ኪቦርድ አንድ ጊዜ ከጫኑት በኋላ ኢንተርኔት አይጠይቅም፤ የኪቦርዱን ፋይል በፍላሽ ወስዶ ኢንተርኔት በሌለው ኮምፒውተር ላይም መጫን ይቻላል። አጻጻፉ በድምፅ ላይ የተመሠረተ በመሆኑ «ሰላም» ለማለት ኤስ፣ ኢ፣ ኤል፣ ኤ እና ኤም የተባሉትን ቁልፎች በተከታታይ መምታት ይበቃል። ለ«ት» ትንሹ ቲ፣ ለ«ጥ» ትልቁ ቲ ስለሚያገለግል፣ ካፕስ ሎክ ሳይታወቅ በርቶ ከቀረ «ተማሪ» የሚለው ቃል በ«ጠ» ቤት ፊደል ይጀምራል። ስለዚህ ጀማሪ ጸሐፊ ሥራውን ሲጀምር የካፕስ ሎክን ትንሽ መብራት ማየት ይልመድ። ሞክሼዎቹን ሐ እና ኀ ለማግኘትም ትልቁን ፊደል መጠቀም ወይም ቁልፉን መደጋገም ያስፈልጋል፤ ይህ መጀመሪያ ላይ እጅን ያዘገያል፣ ነገር ግን ውልና ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው «ሥራ»ን በንጉሡ ሠ የመጻፍ አቅም ስለሚሰጠው ድካሙ የሚያስቆጭ አይደለም።

በዚህ ፕሮግራም ውስጥ ብዙዎች የማያስተውሉት፣ እኔ ግን ትልቅ ዋጋ የምሰጠው ነገር የአራት ነጥብ አያያዙ ነው። በከተማችን በሚዘጋጁ ደብዳቤዎች ላይ አራት ነጥብ በአብዛኛው ሁለት ጊዜ በተመታ ሁለት ነጥብ ተተክቶ ይታያል። ለዓይን አንድ ይመስላል፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሁለት የተለያዩ ምልክቶች ስለሆኑ በመስመር መጨረሻ ላይ ተለያይተው አንዱ ወደ ታችኛው መስመር ሊወርድ ይችላል፣ ፍለጋም አያገኛቸውም። ኪይማን ሁለቱን ተከታታይ ምቶች ወደ አንድ እውነተኛ አራት ነጥብ ይለውጣቸዋል። ለጽሑፍ ክብር የሚሰጥ ሰው ይህን በቀላሉ አያልፈውም።

ሐዋሳን በተመለከተ ሌላም የሚነሣ ጉዳይ አለ። የሲዳማ ክልል ቢሮዎች ጽሑፍ በሲዳሙ አፎም በአማርኛም ይመጣል፤ ሲዳሙ አፎ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ስለሆነ ጸሐፊዋ በአንድ ገጽ ላይ ከአንዱ ፊደል ወደ ሌላው ደጋግማ መሻገር አለባት። የዊንዶውስ ቁልፍንና ስፔስ ባርን አብሮ በመጫን ኪቦርዱን መለወጥ ይቻላል፤ ኪይማን ደግሞ ለእያንዳንዱ ኪቦርድ የራሱን አቋራጭ ቁልፍ ለመስጠት ያስችላል። ዊንዶውስ የራሱ የአማርኛ መጻፊያ እንዳለው አውቃለሁ፤ አልፎ አልፎ ብቻ ለሚጽፍ ሰው ይበቃዋል። ቀኑን ሙሉ ለሚጽፍ፣ በተለይም በስልኩም በኮምፒውተሩም አንድ ዓይነት አመታት ለሚፈልግ ሰው ግን ኪይማንን እመርጣለሁ።

የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በዩኒኮድ 3.0 (ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደላትን የሚለዩበት የጋራ የኮድ ሥርዓት) ውስጥ ቦታውን ካገኘ በኋላም፣ ከዚያ በፊት በተሠሩ ፎንቶች የተጻፉ ሰነዶች በየቢሮው አሉ። እነዚያ ሰነዶች ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈቱ የላቲን ፊደልና የምልክት ክምር ይሆናሉ፤ ኪይማን ይህን አያስተካክልም። አዲስ ሰነድ የሚያዘጋጅ ሰው ግን ከእንግዲህ በዩኒኮድ ብቻ እንዲጽፍ አጥብቄ እመክራለሁ፤ የዛሬ ዐሥር ዓመት ያን ውል የሚከፍተው ሰው ፎንት ፍለጋ መንከራተት የለበትም።

ሁለተኛው ሎካልሴንድ የተባለው የፋይል መላላኪያ ነው። ደንበኛ ወደ ኮፒ ቤት ሲመጣ የሚሰማው «በቴሌግራም ላክልኝ» ወይም «ፍላሽ ይዘሃል?» የሚል ነው። በቴሌግራም ሲላክ የሁለቱም ወገን ዳታ ይወጣል፤ የመታወቂያው ምስል እንደ ፋይል ሳይሆን እንደ ፎቶ ከተላከ ጥራቱ ይቀንስና ሲታተም ይደበዝዛል፤ ከዚህም በላይ የደንበኛው መታወቂያ በኮፒ ቤቱ የቴሌግራም አካውንት ውስጥ ተቀምጦ ይቀራል። ፍላሽ ደግሞ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ሲዞር ፎልደሮችን ደብቆ በምትካቸው ሾርትከት የሚያስቀምጠውን ቫይረስ ይዞ ይመጣል። ሎካልሴንድ በአንድ ዋይፋይ ወይም በስልክ ሆትስፖት ላይ ያሉ ሁለት መሣሪያዎችን በቀጥታ ያገናኛል። ኢንተርኔት አያስፈልገውም፤ ምዝገባም አይጠይቅም፤ ፋይሉ በመንገድ ላይ በምስጢራዊ ኮድ የተጠበቀ ነው፤ ተቀባዩም መጀመሪያ «እቀበላለሁ» ማለት አለበት። በዊንዶውስ፣ በማክ፣ በሊኑክስ፣ በአንድሮይድና በአይፎን ይሠራል።

ጉድለቶቹን መደበቅ አልፈልግም። በተለመደው አሠራሩ ሁለቱም መሣሪያዎች ፕሮግራሙ የተጫነባቸው መሆን አለባቸው፤ ስለዚህ ለቋሚ ደንበኛና ለቢሮ ባልደረቦች እንጂ ለአላፊ አግዳሚ አይመችም። ኮምፒውተሩና ስልኩ እርስ በርስ «አልተያዩም» የሚል ቅሬታም ይሰማል፤ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ዊንዶውስ ዋይፋዩን የሕዝብ ኔትወርክ ብሎ መዝግቦት ፋየርዎል (ከኔትወርክ የሚመጣን ግንኙነት የሚያግደው ጥበቃ) ስለሚዘጋው ነው፤ የቤት ወይም የቢሮ ዋይፋይ ከሆነ በሴቲንግ ውስጥ ወደ የግል ኔትወርክ መለወጥ ችግሩን ይፈታዋል። የተላከው ፋይል ራሱ ቫይረስ ካለበት ሎካልሴንድ አያጸዳውም። የተቀበሉት የደንበኛ ሰነድም ከታተመ በኋላ ከኮምፒውተሩ መጥፋት አለበት፤ ይህን የኮፒ ቤት ባለቤቶች ሁሉ እንደ ግዴታቸው ቢቆጥሩት እወዳለሁ።

ስለ ሌሎቹ ባጭሩ ልናገር። ሴቨንዚፕ ፋይሎችን ለመጠቅለልና በፓስወርድ ለመቆለፍ ይበቃል፤ ለዚህ ሥራ ገንዘብ መክፈል አያስፈልግም። ኤቭሪቲንግ የተባለው የፋይል መፈለጊያ የዊንዶውስን የፋይል መዝገብ በቀጥታ ስለሚያነብ የፋይሉን ስም ጽፈው ሳይጨርሱ ያመጣልዎታል። በአማርኛ ስም የተቀመጡ ፋይሎችንም ያገኛል፤ ነገር ግን «ሥራ» ብለው አስቀምጠው «ስራ» ብለው ከፈለጉ አያገኘውም፤ ስለዚህ በአንድ ቢሮ ውስጥ የፋይል ስም አጻጻፍ አንድ ወጥ ይሁን። ሊብሬኦፊስ የተባለው ነፃ የጽሕፈትና የሠንጠረዥ ፕሮግራም ክራክ የተደረገ የማይክሮሶፍት ኦፊስ ለሚጠቀሙ ሰዎች ንጹሕ አማራጭ ነው፤ ለደብዳቤና ለመመረቂያ ጽሑፍ እተማመንበታለሁ፣ ሠንጠረዥ የበዛበትን የዎርድ ፎርም ሲከፍት ግን መስመሮቹ ሊዛነፉ ስለሚችሉ ከመታተሙ በፊት ይታይ። ዊንዶውስ 10 ነፃ የደኅንነት ማሻሻያው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. በማብቃቱ፣ በዚያ ኮምፒውተር ላይ ከማይታወቅ ቦታ የመጣ ክራክ መጫን ከበፊቱ ይበልጥ አደገኛ ሆኗል።

መብራት ሲጠፋ ግን ፕሮግራም ብቻውን አያድንም። ሊብሬኦፊስ ሰነዱን በየ10 ደቂቃው ለማገገሚያ እንዲያስቀምጥ ሆኖ ይመጣል፤ ወደ 2 ደቂቃ ዝቅ ማድረግ ጥሩ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚያስፈልገው ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ ከባትሪው ኃይል የሚሰጥ መሣሪያ ነው። ሻጮች የሚናገሩት ቁጥር በቪኤ (ቮልት-አምፔር) ነው፤ በዋት የሚሸከመው ከዚያ ያነሰ ነው፤ 650 ቪኤ የተባለው ብዙውን ጊዜ ከ360 እስከ 390 ዋት ነው። ይህ ለአንድ ኮምፒውተርና ለስክሪኑ ሰነድ አስቀምጦ በሥርዓት ለመዝጋት ይበቃል፤ ቀኑን ሙሉ ለመሥራት አይደለም። ሌዘር ፕሪንተር ፈጽሞ ዩፒኤስ ላይ አይሰካ፤ ቀለሙን ወረቀቱ ላይ የሚያቀልጠው ክፍል ሲሞቅ የሚስበው ኃይል ትንሹን ዩፒኤስ ከአቅሙ በላይ ይጭነዋል። ለዋይፋይ ራውተር የሚሸጠውን ትንሽ ዩፒኤስ የሚገዛ ሰው ከራውተሩ ጀርባ የተጻፈውን ቮልት አስቀድሞ ያንብብ፤ ብዙዎቹ 12 ቮልት ቢሆኑም 9 ወይም 5 የሆኑም አሉ፣ የተሳሳተ ቮልትም ራውተሩን ሊያቃጥል ይችላል። ትልቁንም ሆነ ትንሹን ሲገዙ እዚያው ሱቁ ውስጥ ዕቃ አገናኝተው ከሶኬት እንዲነቀል ይጠይቁ፤ ሳይሞላ መጋዘን ውስጥ ረጅም ጊዜ የቆየ የእርሳስ ባትሪ ካርቶኑ አዲስ ቢሆንም አቅሙ ይደክማልና።