በጊዜ ገደብ ተቀማጭ «27 በመቶ» ለሚባልላችሁ የጎንደር ቆጣቢዎች

ቅዳሜ ገበያ የነበረኝን የጨርቅ ሱቅ ዘግቼ የቀረውን ዕቃ ከሸጥኩ በኋላ፣ የተረፈኝን 300,000 ብር በጥቅምት 2016 ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ አንድ የባንክ ቅርንጫፍ ለሦስት ዓመት በጊዜ ገደብ አስቀመጥኩ። የባንኩን ስም አልጠቅስም፤ እንዲህ ያለ ወረቀት ሌላም ቤት ሊዘጋጅ ስለሚችል መጠንቀቅ ያለባችሁ ከአሠራሩ ነው።

ያስተናገደችኝ ሠራተኛ ትሁት ነበረች። ሒሳብ ማሽኑን ወደ እኔ አዙራ 81,000 የሚለውን ቁጥር አሳየችኝ፤ ወረቀቱ ላይም «27 በመቶ» የሚለውን በሰማያዊ እስክሪብቶ ከበበችው። ብሔራዊ ባንክ ከጥቅምት 2010 ጀምሮ ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ እንዳደረገው አውቅ ስለነበር፣ 7ን ከ27 ጋር አስተያይቼ ፈረምኩ። ሃያ ዓመት በሜትር ስለካ የኖርኩ ሰው የዚህን መለኪያ ሳልጠይቅ መቅረቴ እስካሁን ያሳፍረኛል፤ 7 የአንድ ዓመት ወለድ ሲሆን 27 ግን የሦስቱ ዓመት ድምር ነበር።

27 ለሦስት ሲካፈል በዓመት 9 ይሆናል፤ ያም ቢሆን የሚከፈለው በመጨረሻው ቀን ብቻ ስለሆነ ወለዱ ሌላ ወለድ አይወልድም። በመደበኛ ቁጠባ ግን የገባው ወለድ ከዋናው ገንዘብ ጋር ተደምሮ ራሱ ወለድ ያስገኛል። ይኸው 300,000 ብር በ7 በመቶ ቢቀመጥ፣ ወለዱ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ይደመራል ብንል እንኳ፣ ግብር ሳይነሣለት በሦስት ዓመት 67,513 ብር ገደማ ያስገኛል። ገንዘቤን ያን ያህል ጊዜ ቆልፌ የማገኘው ብልጫ 13,500 ብር እንኳ አይሞላም ማለት ነው። ከመንገዱ ማዶ ያለ ሌላ ባንክ በዚያው ሳምንት ለአንድ ዓመት 11 በመቶ ይሰጥ እንደነበር የሰማሁት ከፈረምኩ በኋላ ነው፤ በዚያው ተመን በየዓመቱ ከነወለዱ ቢታደስልኝ ኖሮ የሦስት ዓመቱ ወለድ 110,000 ብር ያልፍ ነበር።

የህዳሴውን ግድብ ቦንድ ስንገዛ ወለዱን ያሰላ ሰው ብዙ አልነበረም፤ ዓላማው ሌላ ነበርና። ይህ ግን ንግድ ነው።

ተመኑ ቋሚ መሆኑም ሁልጊዜ ለአስቀማጩ አይጠቅምም። በሐምሌ 2016 ብሔራዊ ባንክ የ15 በመቶ የፖሊሲ ወለድ ተመን (ለሌሎች ወለዶች መነሻ እንዲሆን የሚያወጣውን ተመን) ይፋ አደረገ፤ በዚያው ወር ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ተወሰነ። የዕቃ ዋጋ ከዚያ በኋላ የሄደበትን ሁላችንም እናውቃለን፤ የእኔ ውል ግን ባለበት ቆሞ ቀረ።

በታኅሣሥ 2017 ለቤተሰብ ሕክምና ገንዘብ አስፈለገኝና ውሉን ላፍርስ ብዬ ሄድኩ። ሠራተኛዋ ወረቀቱን ገልብጣ በጀርባው በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን ሰባተኛ አንቀጽ አሳየችኝ፤ ውሉ ከዘመኑ አጋማሽ በፊት ከፈረሰ ምንም ወለድ እንደማይታሰብ ይላል። አሥራ አራት ወር ሞልቶኝ ነበር፤ አጋማሹ አሥራ ስምንት ነው። ያስገባሁትን 300,000 ብር ብቻ ይዤ ወጣሁ። በመደበኛ ቁጠባ ቢሆን፣ የወለዱን ወለድ ሳንቆጥር፣ 24,500 ብር ይኖረኝ ነበር።

ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት ወለዱ በዓመት ስንት እንደሆነ፣ መቼ መቼ እንደሚከፈልና ውሉ ቢፈርስ ምን እንደሚቀር በጽሑፍ አስይዙ፤ በቃል የተባለው እኔን አልጠቀመኝም። ይህንኑ ወረቀት አስቀድማችሁ የፈረማችሁ ካላችሁ ደግሞ ስምንተኛውን አንቀጽ ዛሬውኑ አንብቡት፤ ደንበኛው ዘመኑ ከሚያበቃበት ቀን በፊት ቀርቦ በጽሑፍ ካላሳወቀ፣ ገንዘቡ በራሱ ለተጨማሪ ሦስት ዓመት ይታደሳል ይላል።