45,000 ብር ከፍዬ ያገኘሁት አንድ «እንኳን ደህና መጡ» ኢሜይል

እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው፤ የፊደል ስህተት ካለ እለፉኝ። ነገሩ የሆነው ትናንት ሐሙስ ነው። ሌሊቱን አልተኛሁም። ጅማ ያላችሁ የኒውትሪሽን ልጆች፣ ነርሶች፣ በተለይ ገና የተመረቃችሁ፣ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ይቺን አንብቡልኝ።

«የአሜሪካን የዳይቲሺያን (የአመጋገብ ሕክምና ባለሙያ) ፈተና እናስመዘግባለን፣ እናዘጋጃለን፣ እናሳልፋለን» የሚሉትን ታውቋቸዋላችሁ። ከጅማው መርካቶ ወረድ ብሎ፣ ፎቅ ላይ፣ አንዲት ክፍል። ግድግዳው ላይ የነጻነት ሐውልት ፖስተር። አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ ቀለም የጨረሰ ፕሪንተር፣ ሁለት የፕላስቲክ ወንበር። ጠዋት የካናዳ ቪዛ፣ ከሰዓት አይኢኤልቲኤስ፣ ወቅቱ ሲደርስ ደግሞ ዲቪ። ስማቸውን አልጽፍም። ብጽፈውም ነገ ሌላ ታፔላ ይሰቅላሉ። ዓይነቱን ካወቃችሁ ይበቃል።

የሄድኩት መስከረም ላይ ነው። የእቁብ ተራዬ ደርሶኝ ነበር። ብር እጅ ላይ ሲኖር ሰው እንዴት እንደሚያስብ ታውቃላችሁ፤ ሁሉም በር የተከፈተ ይመስላል። በሩን ገፋ ሳደርግ ሰውየው ከወንበሩ ተነሳ። «ዶክተር፣ እንኳን ደህና መጡ! ይቀመጡ፣ ይቀመጡ።» እኔ ዶክተር አይደለሁም። ዋርድ ውስጥ እናቶች «ሲስተር» ይሉኛል፤ ሲስተርም አይደለሁም፤ የክሊኒካል ኒውትሪሽን ሰራተኛ ነኝ። ግን ደስ አለኝ፣ ምን እዋሻለሁ። ቡና አስመጣልኝ።

ከዚያ ወሬው ጀመረ። ፈተናው ከ100 ጥያቄ አይበልጥም አለኝ። መልሱ ያለበት ማቴሪያል እጃችን ላይ ነው አለኝ። ቢወድቁ እንኳ በሳምንቱ በነጻ ይደግማሉ አለኝ። ዲግሪዬን አንገቱን ነቅነቅ አድርጎ አየና «ይሄማ ከበቂ በላይ ነው» ብሎ መለሰልኝ። «ወላሂ ዶክተር፣ እስከዛሬ የወደቀብን ሰው የለም።» አሁን ሳስበው እውነቱን ሳይሆን አይቀርም። ያልተፈተነ ሰው እንዴት ይወድቃል?

እዚያው ተቀምጬ 30,000 ብር በቴሌብር ላክሁ። የላክሁበት ስም የድርጅት አልነበረም፤ የአንድ ሰው ስም ነው። «የፋይናንስ ክፍላችን ኃላፊ ናት» አለኝ። እሺ አልኩ። ደረሰኝ ስጠይቀው «ሲስተም ላይ ይወጣል» አለኝ። እሱንም እሺ አልኩ። ቀጥሎ አንድ ገጽ ወረቀት ገፋ አደረገልኝ። በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ ፊደሉ የጤፍ ፍሬ የሚያክል፣ ጥግ ላይ የቡና ስኒ ቀለበት የታተመበት። ፈረምኩ።

ይሄኛው ነው የሚያንገበግበኝ። የኔ ስራ እኮ ሰውን «አንብብ» ማለት ነው! ስኳር ያለበት ታካሚ «ይሄ ጁስ ስኳር የለውም ይላል» ብሎ ሲያሳየኝ ጠርሙሱን አገላብጬ «ፊቱን ሳይሆን ጀርባውን አንብብ» የምለው እኔ ነኝ። እኔው ፊቱን አይቼ ፈረምኩ።

ኅዳር ላይ ደወለ። ለኤክስፕረስ 15,000 ብር ብጨምር ወረፋው እንደሚያጥርልኝ ነገረኝ። ልብ በሉ። በምግብ እጥረት ክፉኛ የተጎዳ ልጅ ዋርድ ሲገባ ቶሎ ይወፍር ብለን ኤፍ-100 የሚባለውን ኃይል የበዛበት የሕክምና ወተት አንጀምርለትም። መጀመሪያ ቀለል ያለው ኤፍ-75 ነው፣ በትንሽ በትንሹ። የተራበ ገላ ላይ ምግብ ከተቻኮለበት ልብ ሊያቆም ይችላል። ይሄን ለተለማማጅ ተማሪዎች ሁልጊዜ የምደጋግም ሰው «ኤክስፕረስ» ስባል እየሮጥኩ ላክሁ። ሞኝነት ዲግሪ አያግደውም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። «ፕሮሰስ ላይ ነው።» «ሲስተም አስቸገረ።» «አሜሪካ በዓል ነው።» አንዳንዴ ስልክ ይዘጋል፤ አንዳንዴ እዚያ የምትሰራው ልጅ አንስታ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ትላለች፤ ከኋላዋ ሳቅ ይሰማኛል። ማቴሪያል የተባለውም መጣ፤ ከኢንተርኔት ወርዶ የተጠረዘ፣ ግማሹ ገጽ የተገለበጠ ፎቶ ኮፒ። ስለ አሜሪካ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት አስተዳደር ሌሊት ሌሊት አጠናሁ። እሱስ ይሁን፤ ፈተናው የወጥ ቤትና የምግብ አገልግሎት አስተዳደርንም በእርግጥ ይጠይቃል።

እንዲህ ስል ጥር ገባ። ሰኞ ዕለት አንድ የድሮ መምህሬን ቡና ቤት አገኘኋቸው። ለፈተናው እየተዘጋጀሁ ነው ስላቸው ስኒውን አስቀመጡ። «ማስተርስ ያዝሽ እንዴ?» አሉኝ። አልያዝኩም አልኳቸው። ዝም አሉ። ቆይተው «የፈተናውን ደንብ አንብበሽዋል?» አሉኝ። ያ ዝምታቸው እስካሁን ፊቴ ላይ አለ።

ማታ ቤቴ ገብቼ አነበብኩት። በነጻ ነው የተቀመጠው! ማንም ሰው በስልኩ ከፍቶ ያነበዋል። ፈተናውን የሚያስተዳድረው የአሜሪካው የዳይቴቲክስ ምዝገባ ኮሚሽን በፈረንጆቹ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ለመፈተን ማስተርስ ዲግሪ ግዴታ አድርጓል። ማስተርሱም ብቻውን አይበቃም። እዚያው አሜሪካ ያለው እውቅና ሰጪ አካል ያጸደቀውን ፕሮግራም መጨረስና በባለሙያ ክትትል ስር ቢያንስ 1000 ሰዓት ልምምድ መስራት ያስፈልጋል። የኔ የመጀመሪያ ዲግሪ፣ እወደዋለሁ፣ ለፍቼበታለሁ፣ ግን ለዚህ ፈተና በር አያስገባም።

የባሰው ደግሞ ሌላ ነው። ተፈታኙ ብቁ ነው ብሎ ስሙን ለኮሚሽኑ የሚያስተላልፈው የተማረበት ፕሮግራም ኃላፊ ነው። ደላላ አይደለም። እኔም ራሴ አይደለሁም። የፈተናው ክፍያ የሚመጣው ብቁነቱ ከተረጋገጠ በኋላ ነው። ታዲያ ሰውየው መስከረም ላይ የተቀበለኝ የምን ክፍያ ነው?

ሌላውም እንዲሁ ነው። ጥያቄው 100 ሳይሆን ከ125 እስከ 145 ነው። ኮምፒውተሩ እንደ መላሹ አቅም እያየ ነው ጥያቄ የሚያወጣው፤ የኔና ያንቺ ፈተና አንድ አይሆንም። ወደ ኋላ ተመልሶ ማረም የለም። «መልሱ ያለበት ማቴሪያል» ብሎ ነገር ከየት ይመጣል? የወደቀ ሰው ድጋሚ ለመፈተን 45 ቀን መጠበቅ አለበት። በሳምንቱ ይደግማሉ ያለኝ ሰውዬ ገጹን አንድ ቀን ከፍቶት አያውቅም። ወይም ከፍቶት፣ አንብቦት፣ ከዚያ ነው የዋሸኝ። የቱ እንደሚሻል አላውቅም።

ማክሰኞ ደወልኩ። መጀመሪያ በጨዋነት ነበር። ማስተርስ ግዴታ መሆኑን ታውቁ ነበር ወይ አልኩት። «ያ ለሌሎቹ ነው» አለኝ። ፋይሌ የት ደርሷል ስለው «ተመዝግበሻል፣ ማስረጃው አለ፣ ሐሙስ ነይና አሳይሻለሁ» አለ። «ነይ»። መስከረም ላይ «ይቀመጡ» ነበርኩ። ብሩ ካለፈ በኋላ መቼ «አንቺ» እንደሆንኩ ያስተዋልኩት ያን ቀን ነው።

ሐሙስ ከሰዓት ፈቃድ ጠይቄ ሄድኩ። የጅማ ዝናብ እንደምታውቁት ወር አይመርጥም፤ ባጃጅ እስካገኝ በስብሼ ነበር። ስገባ ጋዜጣ ላይ ጫት ዘርግቶ ጉንጩ ሞልቷል። አልተነሳም። ልጅቷ ስልኳን እየነካካች ነው። ወንበሮቹ ላይ የሌላ ሰው ፋይል ተቆልሏል። ቆሜ ቀረሁ።

«እንዲህ ነው እንግዲህ ሰው የማታምኚው» አለና ላፕቶፑን ወደኔ አዞረው። ኢሜይል ነው። ስሜ አለ፤ የአባቴ ስም በአንድ ፊደል ተበላሽቷል። ከስሩ «እንኳን ደህና መጡ፣ አካውንትዎ ተከፍቷል» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ። «ይኸው ምዝገባሽ» አለኝ። በጣቱ ስክሪኑን ቆረቆረው። አረንጓዴ አሻራ ተወበት።

ለአፍታ አመንኩት፤ እግዜር ያሳያችሁ። ስሜን ሳይ ልቤ ሞቀ። ከዚያ ዓይኔ ወደ ላይ ሄደ። ቀኑ ላይ። ማክሰኞ ይላል። የዚህ ሳምንት ማክሰኞ። ሰዓቱን ወደ እኛ ስመልሰው ከምሽቱ 3፡42። እኔ የደወልኩለት ከሰዓት 9 ሰዓት ገደማ ነው። አራት ወር «ፕሮሰስ ላይ ነው» ሲለኝ ምንም አልነበረም። ስልኬን ዘግቶ፣ እራቱን በልቶ፣ ከዚያ ማንም ሰው በነጻ የሚከፍተውን አካውንት ከፈተልኝ። ለዚያ ነው 45,000 ብር የከፈልኩት። ከአራት ወር ደሞዜ ይበልጣል።

«ቀኑን እየው» አልኩት። ድምፄ አልወጣልኝም።

አየው። አልደነገጠም። ላፕቶፑን ወደራሱ መለሰና «ታዲያ ተመዘገብሽ አልተመዘገብሽም?» አለኝ።

ብሬን መልስልኝ አልኩት። መሳቢያውን ከፍቶ ያችን ወረቀት አወጣ። የቡናው ቀለበት ያለባት። እስኪርቢቶውን ይዞ ከላይ ወደ ታች እየሄደ አንዲት መስመር ላይ ቆመ፤ ሁለት ጊዜ አሰመረባት። የአገልግሎት ክፍያ በምንም ምክንያት አይመለስም። «ፖሊሲ ነው እህቴ። የተማርሽ ሰው ነሽ፣ እንግሊዝኛ ታነቢያለሽ።» ልጅቷ በዚያች ጊዜ ነው ቀና ያለችው። ፈገግ አለች። በሰውዬው አልተናደድኩም ማለት ይቻላል፤ ያቺ ፈገግታ ግን ሆዴ ውስጥ ገባች።

ጮህኩ። የምን እንደጮህኩ አላስታውስም። «የኛ ስራ ማስመዝገብ ነው እንጂ ብቁ ማድረግ አይደለም» ሲለኝ ትዝ ይለኛል። ደረጃው ላይ አንድ ልጅ አጋጠመኝ፤ ፋይል ታቅፏል፣ ገና ተመራቂ ይመስላል። ላስቆመው ፈልጌ እንባዬ ቀደመኝ። አለፈኝ። ይሄን የምጽፈው ግማሹ ለሱ ነው።

ዛሬ ጠዋት ለአቤቱታ ሄጄ ነበር። ኃላፊዋ በትህትና አናገሩኝ። ደረሰኝ አለሽ ወይ አሉኝ። የለኝም። ውሉ ማህተም አለው ወይ አሉኝ። የለውም። ብሩ የተላከው ለድርጅት ነው ወይ አሉኝ። አንገቴን ደፋሁ። የቴሌብሩን መልእክት አትመሽ ነይ ብለውኛል፤ ሰኞ እሄዳለሁ።

ባጭሩ፦ ማስተርስ ከሌላችሁ ለዚያ ፈተና ማንም አያስመዘግባችሁም። የፈተናውን ደንብ ከራሱ ከፈታኙ አንብቡ፣ እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ ጻፉልኝ፣ አብረን እናነባለን። በግለሰብ ስም ብር አትላኩ። ሌላ ምክር የለኝም፤ መካሪ የምሆንበት ፊትም የለኝም።

እማዬ እስካሁን አታውቅም። ለጎረቤት ሁሉ «ልጄ የአሜሪካ ፈተና ልትፈተን ነው» ብላ ጨርሳለች። ትናንት ማታ ስገባ እራት አቅርባ «ፈተናው መቼ ነው?» አለችኝ። ተራዘመ አልኳት።

አንድ ነገር ረስቼ። አካውንቱ የተከፈተው በነሱ ኢሜይል ነው፣ በስሜ። ከሰዓት በፊት ደውዬ ቢያንስ እሱን ዝጉልኝ፣ ወይ ፓስወርዱን ስጡኝ አልኳቸው። ልጅቷ ናት ያነሳችው። ስልኩን ሸፈን አድርጋ ጠየቀችውና ተመለሰች። «ፓስወርድ ማስረከቢያ 2,000 ብር ነው» አለችኝ። «ቴሌብር ቁጥሩ አለሽ አይደል?»