ዓይን የማያቃጥለው ሽንኩርት

የባለቤቴ እህት ለግንቦት ልደታ ከአትላንታ ስትመጣ ስድስት ሽንኩርት ሻንጣዋ ውስጥ ከትታ ነበር። ቪዳሊያ ይባላል። ጠፍጠፍ ያለ ነው፣ ቅርፊቱ ስስ፣ ቀለሙ የማር። አንዱ ብቻ መዳፍ ይሞላል። ምን ብዬ እንደምጠራው ግን ቸገረኝ። ቀይ ሽንኩርት እንዳልለው ቀይ አይደለም፤ ነጭ ሽንኩርት እንዳልለው ያ ሌላ ነገር ነው። ቤት ውስጥ «ጣፋጩ» ብለን ተገላገልን።

ሦስቱን ከአሣ ጋር በላናቸው። ቢላዋው ሲገባ ውሃው መክተፊያው ላይ ፈሰሰ፣ ዓይኔን ግን ጨርሶ አልቆጠቆጠኝም። ሽንኩርት የሚያስለቅሰን ከአፈር በሚወስደው ድኝ ምክንያት ነው። ቪዳሊያ የሚበቅልበት የአሜሪካዋ የጆርጂያ ግዛት አሸዋማ አፈር ደግሞ ድኙ ትንሽ ነው። ስኳሩ ከሌላው ሽንኩርት ያን ያህል አይበልጥም፤ የሚያቃጥለው ስለቀነሰ ጣፋጭነቱ ጎልቶ ይሰማል። ሌላ ቦታ የበቀለውን ቪዳሊያ ብሎ መሸጥም አይቻልም፤ እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣ የጆርጂያ ሕግ ይከለክላል።

ከጣና የወጣ ቀረሶ ጠብሼ፣ ሽንኩርቱን በቀጭኑ ቀለበት ቀለበት አድርጌ ከላይ ጣል አደረግኩበት። ሎሚ፣ ቃሪያ፣ ጨው፣ በቃ። ሽንኩርት እየለቀሙ ሳህን ዳር የሚደረድሩት ልጆቼ ከአሣው በፊት እሱን ጨረሱት። ጥርስ ላይ ቀጭ ይላል፣ አፍ ውስጥ ሽታው አይቆይም።

ዶሮ ወጥ ላይ ግን አልሆነም። ሁለቱን ከትፌ ያለ ዘይት ማቁላላት ጀመርኩ። ውሃ፣ ውሃ፣ አሁንም ውሃ። የፎገራው ሽንኩርት ቢሆን በዚያ ሰዓት በርበሬ ገብቶበት ነበር። በመጨረሻ ቀላ አለልኝ፣ ወጡ ግን ቀጠነ፤ ቁሌቱ ዶሮውን አልይዝ አለ። አማቴ አንድ ጉርሻ ቀምሰው «ልጄ፣ በርበሬው ብቻውን ቀርቷል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ለወጥ የአበሻ ሽንኩርት ወይም የፎገራውን አትልቀቁ።

ስድስተኛውን ለሌላ ቀን ብዬ ቅርጫት ውስጥ አስቀመጥኩት። በባሕር ዳር የግንቦት ሙቀት ሁለት ሳምንት አልቆየም፤ ሥሩ ለስልሶ ጠቆረ። ከጆርጂያ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ሦስት አራት ፍሬ ያምጣላችሁ፣ ቶሎ በጥሬው ብሉት።

አሁን የፎገራውን በቀጭኑ ቆርጬ ግማሽ ሰዓት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ እዘፈዝፈዋለሁ። ማቃጠሉ በደንብ ይቀንሳል። ትንሹ ልጄ ግን ትናንት አንዴ ቀምሶ «ጣፋጩ አለቀ?» አለኝ።