ሰማያዊዋ መብራት፦ የመኪና ባትሪ ጠባቂ ሶላር ከ9 ወር በኋላ

መጀመሪያ አክስቴን ይቅርታ ልጠይቅ። በአፌ ጠይቄያታለሁ፤ በጽሑፍም ይቀመጥላት። አምና ጳጉሜ ላይ ደብረ ማርቆስ ስመለስ መኪናዬን ሞታ አገኘኋትና አክስቴን አንድ ሳምንት ሙሉ አኮረፍኳት። ጥፋቱ የእሷ አልነበረም።

ዕቃዋ የላፕቶፕ ስፋት ያላት፣ 10 ዋት የሆነች ሶላር ፓነል ናት። ዳሽቦርድ ላይ ትቀመጣለች፣ ሽቦዋ ሲጋራ መለኮሻው ላይ ይሰካል፣ መኪናው ቆሞ ሳለ ፀሐይ ባትሪውን ትመግበዋለች። ግንቦት ላይ አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ፣ በ3,200 ብር ገዛኋት። ክረምት ክረምት አዲስ አበባ እማራለሁ፤ ቪትዟን ግን ይዤ አልሄድም። 300 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ፣ በዝናብ ዓባይ በረሃን ወርዶ መውጣት፣ ቤንዚንም በሰልፍ በሚገኝበት ጊዜ፣ አልደፍረውም። ስለዚህ ሁለት ወር አክስቴ ግቢ ትቆማለች። ካቻምና ባትሪው ወርዶ ስለጠበቀኝ፣ አምና ቀድሜ ልገኝ አልኩ።

ሻጩ አፈ ቅቤ ነው። ፓነሏን ሱቁ በር ላይ ፀሐይ አስነካት፤ መሰኪያዋ ላይ ያለችው ሰማያዊ መብራት ብልጭ ብልጭ አለች። «አየህ አለቃ? ቻርጅ እያደረገች ነው። ሰክተህ እርሳት!» አለኝ። ሐምሌ 1 ሰክቼ ረሳኋት። ምን ላይ ተሰክታ ነው ቻርጅ የምታደርገው ብዬ ያኔውኑ ብጠይቀው ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ። መሰኪያዋ እኮ በእጁ ላይ ነበር!

ጳጉሜ 3 ከሰዓት ገባሁ። ቪትዟ ከጣሪያዋ እስከ ጎማዋ በሸራ ተጠቅልላለች። ገልጬ ሪሞቱን ብጫን ዝም። በቁልፍ ከፍቼ ባዞር፣ ሞቶሪኖው ይቅርና የዳሽቦርዱ መብራት እንኳ አልበራም። አክስቴ በር ላይ ቆማ ታየኛለች።

«እትዬ፣ ሸራውን ማን አለበሳት?»

«እኔ ነኛ! ያ በረዶ ሲወርድ መስታወቷን እንዳይሰብረው ብየ ነው ልጀ።»

ፀሐይ ካላየች አትሠራም ብዬ አስረድቼ አልነበር? ፊቴን አጠቆርኩባት። የሠራችውን ዶሮ እንኳ በወጉ አልበላሁም። (በእንቁጣጣሽ ሰሞን እንዲህ የሚያደርግ ሰው ምን ይባላል?) የሰፈሩ ልጆች ገፍተን እናስነሳት ብለው ተሰበሰቡ፤ ካምቢዮዋ አውቶማቲክ ነው፣ በግፊ አትነሳም። በመጨረሻ አንድ የሚኒባስ ሾፌር ኬብል አውጥቶ ከራሱ ባትሪ አበደረን።

እውነቱ የወጣው መስከረም መጀመሪያ፣ ኤሌክትሪሺያን ጋ ስወስዳት ነው። ልጁ ቁልፉን ነቅሎ ቴስተሩን ሲጋራ መለኮሻው ውስጥ ከተተ፤ 0። ቁልፉን አንድ ደረጃ አዞረና ደግሞ ከተተ፤ 12። ቀና ብሎ አየኝ። «ጋሼ፣ ይቺ ቀዳዳ እኮ ቁልፍ ሲነቀል ትጠፋለች። ፓነሉ የላከው ኤሌክትሪክ ወዴት ይገባል?»

«መብራቷስ? ስትበራ ነበር እኮ!»

«መብራቷ ከፓነሉ ነው የምትበራው። ፀሐይ ካለ ግድግዳ ላይም ብትሰካት ትበራለች።»

ሸራ ኖረ አልኖረ፣ በ62 ቀን ውስጥ አንዲት ጠብታ ወደ ባትሪው አልገባችም ማለት ነው። ከዚያ በቀጥታ ወደ አክስቴ ቤት ሄድኩ፤ ምን እንደተባባልን ግን አልጽፈውም።

አንተ ሻጭ፣ ምን እንደምትል አውቃለሁ። «የአንዳንዱ መኪና ቀዳዳ ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ አለው» ትለኛለህ። አለው፤ አንዳንድ አውሮፓ ሠራሽ መኪኖች ላይ ቁልፍ ተነቅሎም ይሠራል። ግን ምን እንደምነዳ ጠይቀኸኝ «ቪትዝ» ስልህ «ለቪትዝማ ከበቂ በላይ ናት» ያልከኝ አንተ አይደለህም? «መመሪያውን አንብብ» ትለኝ ይሆናል። መመሪያው የትኬት ቁራጭ የምታክል ወረቀት ናት፤ ያለባት ስዕል ሲጋራ መለኮሻ ላይ የተሰካ ሽቦና ከላይ የምትስቅ ፀሐይ ነው። ፀሐይዋ በእኔ እየሳቀች እንደነበር አሁን ገብቶኛል።

የቆመች መኪና ምን ይበላታል ለሚል፦ ሰዓቷ፣ ኮምፒውተሯ፣ ይልቁንም እኔ ያስገጠምኩት አላርም ይበላታል። ልጁ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈትቶ ቴስተሩን መሐል አስገብቶ ለካልኝ፤ 40 ሚሊ አምፔር። ትንሽ ትመስላለች፤ በ24 ሰዓት ግን 1 አምፔር ሰዓት ገደማ ትሆናለች። የቪትዟ ባትሪ ባለ 35 አምፔር ሰዓት ነው። በ18 ቀን ግማሹ፣ በአምስት ሳምንት ሁሉም ሄደ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ደግሞ የባሰ ነው፤ ባዶውን የተቀመጠ የእርሳስ ባትሪ ሰሌዳዎቹ ላይ ሰልፌት ይጋገርበታል፣ ቻርጅ ቢያደርጉትም እንደ ድሮው አይሞላም። የእኔውም ሌሊቱን ቻርጅ ላይ አድሮ፣ አርፎ ሲለካ ከ12.3 ቮልት አላለፈም። ደህና ባትሪ 12.6 ወይም 12.7 ያነባል፤ 12.2 ሲሆን ግማሽ ነው። ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የኅዳር ጠዋት ብርዷን የሚያውቅ ያውቃል። ባትሪው ጥቅምትን አቃስቶ አለፈና ኅዳር ላይ አበቃለት። አዲሱን የገዛሁበትን ዋጋ አልናገርም፤ የፓነሏን እጥፍ አልፏል። ባትሪ ታድናለች የተባለች ዕቃ ባትሪ አስገዛችኝ።

አሁን፣ ደስ ባይለኝም፣ ስለ ፓነሏ መልካሙን ልናገር። ልጁ መሰኪያዋን ቆርጦ ጣለና ሽቦውን በቀጥታ ወደ ባትሪው ወሰደው፤ ፖዘቲቩ ላይ፣ ከባትሪው አጠገብ፣ ትንሽ ፊውዝ አስገባበት። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ለሥራ ባሕር ዳር ሄጄ 40 ቀን ቆየሁ። ስመለስ ለካኋት፤ 12.6። በአንድ ቁልፍ ተነሳች። አዲስ ባትሪ ስለሆነ ነው የሚል አለ፤ 40 ቀን ያለ ፓነል ቢሆን ግን አላርሙ 38 አምፔር ሰዓት ይበላ ነበር፣ ባትሪው ያለው ደግሞ 35 ነው። ስለዚህ ፓነሏ ሠርታለች። የበጋ ፀሐያችን እንደሆነ አይታማም፤ እኩለ ቀን ላይ፣ በመስታወት ውስጥ እንኳ፣ 0.3 አምፔር ስትሰጥ ለክቻለሁ። በቀን አራት አምስት ሰዓት እንዲህ ካገኘች የአላርሙን ፍጆታ ትሸፍናለች።

ክረምትስ? መስከረም ላይ ደመና በሆነ ቀን ብለካት 0.05 ሰጠችኝ። ሐምሌና ነሐሴ ጎጃም ውስጥ ደመናው ስንት ቀን ይገለጣል? እኔ መኪና የማቆመው ደግሞ በእነዚያው ሁለት ወራት ነው። ሽቦዋ በትክክል ተገጥሞ፣ ሸራም ባይኖር፣ አምና ክረምት ባትሪውን አታድነውም ነበር።

የሚያድነው ምን ነበር መሰላችሁ? 10 ቁጥር የብሎን መፍቻ ቁልፍ። ኮፈኑን ከፍቶ የኔጌቲቩን ማሰሪያ ፈትቶ፣ ተመልሶ እንዳይነካ በጨርቅ ጠቅልሎ ወደ ጎን ማድረግ። ሁለት ደቂቃ። ሲፈታ ኔጌቲቩ መጀመሪያ፣ ሲታሰር መጨረሻ፤ ቁልፉ ፖዘቲቩንና ቆርቆሮውን አንድ ላይ ከነካ እሳት ይተፋል። ኪሳራው ሰዓቱ መጥፋቱ፣ አላርሙ አለመጮሁ፣ ሲነሳም ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) ለጥቂት ደቂቃ መዋዠቁ ብቻ ነው። ሙሉ ሆኖ የተፈታ ባትሪ በእኛ ብርድ ሁለት ወር አይከብደውም። ይህን ልጁ በነጻ ነገረኝ፤ ሶማሌ ተራ ግን በ3,200 ብር አልተነገረኝም።

«በየሳምንቱ አምስት ደቂቃ አስነሱልኝ ብለህ ቁልፉን ለሰው ስጥ» የሚሉም አሉ። ካቻምና ያደረግኩት እሱን ነው። ማስነሳቱ ከባትሪው ይወስዳል፣ አምስት ደቂቃ ቆሞ መንጎራጎር ደግሞ የወሰደውን አይመልስም፤ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት መንዳት ይፈልጋል። ቤንዚኑን ማን ይሰጠኛል?

ድጋሚ እገዛት ነበር? አልገዛም። ልሽጣትስ? እሱንም አላደርገውም፤ በጋ ላይ ታገለግላለች፣ ደግሞም መሰኪያ የሌላትን ማን ይገዛኛል። ሰኔ መጨረሻ ላይ ሽቦዋን ነቅዬ ወንበር ስር እከታታለሁ። 10 ቁጥሩን ቁልፍ አክስቴ ጋ ነው የምተወው። ሸራውንም እንደፈለገች ታልብሳት፤ በረዶው እንደሆነ የታወቀ ነው።